ጌሚንግ ኪቦርድና ማውስ ብሩ ይገባዋል ወይ ላልከው፦ ከማውሱ ጀምር

ወንድሜ ጥያቄህ ብዙ ሰው የሚያስጨንቅ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ። ያልከው ባጭሩ ይሄ ነው፦ ማታ ማታ በላፕቶፕህ ካውንተር ስትራይክ 2 (የተኩስ ጌም) እና ዶታ 2 (የስልት ጌም) ትጫወታለህ፣ ቀን ቢሮ ሪፖርት ስትጽፍ ነው የምትውለው፣ እሱም አብዛኛው በአማርኛ፣ 15 ሺህ ብር አጠራቅመሃል፣ አንድ ሱቅ በዛው ብር ኪቦርድና ማውስ በአንድ ካርቶን "ጌሚንግ ሴት" (ጥንድ ማለት ነው) ብሎ ሊሸጥልህ ነው፣ ጓደኛህ ደሞ "ተራውም ያው ነው፣ ለመብራቱ ነው የምትከፍለው" ብሎሃል። ከአንተና ከጓደኛህ ማን ልክ እንደሆነ ነው ጥያቄህ።

ጓደኛህ ስለ ካርቶኑ ልክ ነው፣ ስለ ማውሱ ግን ተሳስቷል። እኔ በአንተ ቦታ ብሆን ሴቱን ትቼ መጀመሪያ ጥሩ ማውስ ለብቻው እገዛለሁ፣ ከዛ ብር ከተረፈኝ ኪቦርድ፣ ኪቦርዱንም የምገዛው ለቢሮው ስራ ብዬ ነው፣ ለጌሙ ብዙም አይጨምርልህም። ስራዬ የኮምፒውተር እቃ ጥገና ነው፣ እነዚህን ነገሮች ከፍቼ ውስጣቸውን ስለማይ ለምን እንደዚ እንደምል ላስረዳህ።

"ጌሚንግ" የሚለው ጽሁፍ በራሱ ምንም ማለት አይደለም። ማንም ፋብሪካ ካርቶኑ ላይ መጻፍ ይችላል፣ ይሄን ያሟላ ብቻ ነው ጌሚንግ የሚባለው ብሎ የሚቆጣጠር የለም። ሴት ተብለው ከሚመጡት ርካሾቹን ስትከፍታቸው ውስጡ ብዙ ጊዜ ያው የቢሮ ኪቦርድና ያው የቢሮ ማውስ ነው፣ የተጨመረው መብራትና ቅርጽ ነው። መብራት ደሞ ምንም ጥፋት የለውም፣ ደስ ካለህ ይኑርህ፣ ግን ኢላማ አያስመታህም።

ማውስ ላይ ዋናው ነገር ሴንሰሩ ነው። ከስር ያለችው ትንሽዬ ካሜራ ማለት ነው፣ የማውስ ፓዱን ገጽ በሴኮንድ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ፎቶ እያነሳች ካንዱ ፎቶ ወደሚቀጥለው እጅህ ምን ያህል እንደሄደ ታሰላለች። እጅህ በጣም ሲፈጥን ግን ሁለቱ ፎቶ ምንም የሚመሳሰል ነገር ያጣሉ፣ ሴንሰሩ ይጠፋበታል፣ ያኔ ከኋላህ ሰው ተኩሶብህ ዞር ልትል ስትል ወይ ግማሽ ላይ ትቆማለህ ወይ ሰማይ ሰማይ ታያለህ። ርካሽ የቢሮ ማውስ ሴንሰሮች በሴኮንድ 30 ኢንች አካባቢ ላይ ነው ሚጠፋባቸው፣ ይሄ ለኤክሴል ከበቂም በላይ ነው፣ ካውንተር ላይ ግን ሴንሲቲቪቲውን (እጁ ሲሄድ ጠቋሚው የሚሄድበትን መጠን) ዝቅ አድርጎ በክንዱ ለሚጫወት ሰው አንድ ፈጣን መዞር ከዛ ያልፋል። የታይዋኑ ፒክስአርት የሚሰራው 3360 የሚባለው ሴንሰር በሴኮንድ 250 ኢንች ይከታተላል፣ በሜትር ስታስበው 6 ሜትር ከ35 ሳንቲሜትር ማለት ነው፣ የሰው እጅ ፓድ ላይ እንደዛ አይሄድም፣ እና 3360 ዛሬ አሮጌ የሚባል ሴንሰር ነው። ከሱ ዝቅ የሚለው 3325 100 ኢንች ይደርሳል፣ እሱም ቢሆን ለጀማሪ ይበቃል። ስለዚ ጓደኛህ "ያው ነው" ሲልህ ለዶታ ከሆነ ብዙም አልራቀም፣ ለካውንተር ግን ያው አይደለም፣ ልዩነቱን በመጀመሪያው ማታ እጅህ ያውቀዋል።

ሻጩ የሚነግርህ ቁጥር ግን ይሄ አይሆንም፣ የሚነግርህ ዲፒአይ ነው። "ይሄኛው 12 ሺህ ነው፣ ያኛው 26 ሺህ" ይልሃል። ዲፒአይ ማለት እጅህ አንድ ኢንች ሲሄድ ማውሱ ስንት ነጥብ ይቆጥራል ማለት ነው፣ የጥራት መለኪያ አይደለም። ካውንተር በሙያ የሚጫወቱት ሰዎች አብዛኞቹ 400 ወይም 800 ላይ ነው አድርገው የሚጫወቱት፣ በዶላር ሚሊዮን ሽልማት ባለው ውድድር ላይ። ከዛ በላይ ያለው ቁጥር ለካርቶኑ ነው የሚጠቅመው፣ ርካሾቹ ላይ ደሞ ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ራሱ ሴንሰሩ ያነበበው ሳይሆን በሶፍትዌር የተባዛ ነው፣ ሲባዛ እጅህ ሳይንቀሳቀስ ጠቋሚው ይንቀጠቀጣል። ሱቅ ስትገባ "ሴንሰሩ ምንድነው?" ብለህ ጠይቅ፣ ካላወቀ ሞዴሉን ጎግል አድርገህ እዛው እይ፣ የሴንሰሩ ስም የትም ካልተጻፈ ያ ማውስ አይገዛም።

ሁለተኛው ነገር ቅርጹና ክብደቱ ነው፣ ይሄን በቁጥር ልነግርህ አልችልም፣ ይዘህ ማየት አለብህ። እጅህን ሙሉ አስተኝተህ ነው የምትይዘው ወይስ በጣትህ ጫፍ ነው? ትንሽ እጅ ያለው ሰው ትልቅ ማውስ ሲይዝ የእጅ አንጓው ላይ ነው የሚያርፍበት፣ ከጥቂት ሰአት በኋላ ያመዋል። ክብደቱ ከ60 እስከ 90 ግራም መሀል ከሆነ ጥሩ ነው። ዋጋና ጥራት ሁልጊዜ አብረው እንደማይሄዱ ለማየት ይሄን ተመልከት፦ በፈረንጆቹ 2020 ሎጊቴክ ጂ ፕሮ ኤክስ ሱፐርላይት የሚባለውን ዋይርለስ ማውስ ከ63 ግራም በታች አድርጎ በ150 ዶላር ገደማ አወጣ፣ በዛው አመት ሬዘር ቫይፐር ሚኒን 61 ግራም አድርጎ በ40 ዶላር አወጣ፣ ባለገመድ። የ110 ዶላሩ ልዩነት የሄደው በዋናነት ሽቦውን ለማስቀረትና ለላይኛው ደረጃ ሴንሰር ነው። ገመድ ካላስጨነቀህ የ40 ዶላሩን ስለመረጥክ የሚጎድልህ ብዙ አይደለም።

በብር ስንት እንደሆነ አልጽፍልህም ምክንያቱም ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዶላሩ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ ከሱቅ ሱቅ ከሳምንት ሳምንት ይለያያል፣ ቦሌ የሰማኸው ዋጋ መርካቶ ሌላ ነው፣ ከዱባይ በሻንጣ ይዞ የሚመጣ ሰው ጋር ደሞ ሌላ። የዶላሩን ዋጋ ይዘህ ሂድና በዛ ቀን ምንዛሬ አባዛው፣ ላዩ ላይ ትራንስፖርትና ትርፍ እንደሚጨመር አስበህ፣ ከእጥፍ በላይ ከሆነ ሌላ ሱቅ ጠይቅ።

ዋይርለስ ከፈለግክ በብሉቱዝ ብቻ የሚሰራውን አትግዛ፣ ለጌም ይዘገያል፣ የራሱ ትንሽ ዶንግል (ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ መቀበያ) ያለው ይሁን። ሎጊቴክ ጂ304 የሚባለው ለምሳሌ በአንድ ተራ ባትሪ ድንጋይ ነው የሚሰራው፣ ፋብሪካው እስከ 250 ሰአት ይላል፣ መብራት ጠፍቶ ቻርጅ ሳላደርገው ቀረሁ የሚባል ነገር የለበትም፣ ባትሪው ሲያልቅ ሰፈር ካለው ሱቅ ገዝተህ ትቀይራለህ። ለኛ ሀገር ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ደሞ ማንም ሻጭ የማይነግርህን ልንገርህ። እኔ ጋ ከሚመጡት የማውስ ብልሽቶች በብዛት የማየው ደብል ክሊክ ነው፣ አንዴ ስትነካው ሁለቴ ይቆጥራል፣ ፎልደር ልትመርጥ ስትል ይከፈታል፣ ጎትተህ ልትወስደው ያልከው ፋይል መሀል ላይ ይወድቃል። ማውሱን ገልብጠህ ከስር የተለጠፉትን የሚያንሸራትቱ እግሮች ስታነሳ ብሎኖቹ ከነሱ ስር ናቸው፣ ስትከፍተው ከግራው ክሊክ ስር አራት ማዕዘን ጥቁር ሳጥን ታገኛለህ፣ አናቷ ላይ የስንዴ ቅንጣት የማትሞላ ነጥብ አለች፣ ነጭ ወይም ቀይ ወይም ሮዝ። ሳጥኗ ናት ስዊች የምትባለው። የሳጥኗን ክዳን ቀስ ብለህ ስታነሳው ውስጡ ቀጭን የመዳብ ምላስ አለች፣ በክሊክ ብዛት ተለጥጣ ደክማለች፣ የምትነካበት ቦታ ደሞ ጠቁሯል፣ ስለዚ ስትነካት አንዴ በደንብ ከመገናኘት ይልቅ ትንቀጠቀጣለች፣ ኮምፒውተሩ ያንን መንቀጥቀጥ ሁለት ክሊክ ብሎ ነው የሚያነበው። ይሄ ብልሽት ውዱም ርካሹም ላይ ይመጣል፣ ትልቅ ብር የተከፈለባቸው ማውሶች ዋስትናቸው ባለቀ በትንሽ ጊዜ እንደዚ ሆነው መጥተውልኛል። ጥገናው ግን ቀላል ነው፣ ስዊቿ ሶስት እግር ነው ያላት፣ ሶልደሩን አቅልጠህ አውጥተህ ሁዋኖ ወይም ካይል የሚባለውን አዲስ ስዊች ትተካለህ፣ ማውሱ እንደ አዲስ ይሰራል። ስለዚ ደብል ክሊክ ጀመረኝ ብለህ ጥሩ ሴንሰር ያለው ማውስ እንዳትጥል። ከዚህ ጣጣ ከመጀመሪያው መዳን ከፈለግክ ኦፕቲካል ስዊች ያለውን ፈልግ፣ እሱ ብረት ከብረት አይነካካም፣ ክሊኩን የሚያውቀው በብርሃን ነው፣ ቅድም ያልኩህ ቫይፐር ሚኒ እንደዛ ነው።

ፍጥነት ወደሚሉት ልምጣ፣ እዚ ላይ ሰው በጣም ይታለላል። ተራ ማውስ በሴኮንድ 125 ጊዜ ነው ለኮምፒውተሩ "እዚህ ነኝ" የሚለው፣ በየ8 ሚሊሴኮንዱ ማለት ነው፣ ጌሚንጉ 1000 ጊዜ፣ በየ1 ሚሊሴኮንዱ፣ አሁን ደሞ 8000 የሚሉ መጥተዋል። ከ125 ወደ 1000 መሄዱ ጥሩ ነው፣ ዛሬ ደህና የሚባል ማውስ ሁሉ አለው። ከ1000 ወደ 8000 የምታገኘው ግን አንድ ሚሊሴኮንድ እንኳን አይሞላም፣ ያንተ ላፕቶፕ ስክሪን 60 ኸርዝ (በሴኮንድ 60 ምስል) ከሆነ አዲስ ምስል የሚያሳይህ በየ16 ነጥብ 7 ሚሊሴኮንዱ ነው፣ የአውሮፓ ሰርቨር ላይ ስትጫወት ደሞ ፒንጉ (መረጃው ሰርቨሩ ጋ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ) ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊሴኮንድ በላይ ነው። እንደዚ ሆኖ ለ8000 ኸርዝ ማውስ ተጨማሪ ብር መክፈል ገንዘብህን ማቃጠል ነው፣ የሚያሳዝነኝ ደሞ ይሄን የሚገዙት ብዙ ጊዜ ከደሞዛቸው ቀንሰው ያጠራቀሙ ልጆች መሆናቸው ነው። ያ ብር ካለህ ለ144 ኸርዝ ሞኒተር አጠራቅመው፣ እሱ ምስሉን በየ7 ሚሊሴኮንዱ ገደማ ነው የሚቀይረው፣ እሱን አይንህ ያየዋል።

ብር ሳታወጣ የምታስተካክለውም አለ። ዊንዶውስ ላይ የማውስ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ተጨማሪ የማውስ አማራጭ የሚለውን ስትከፍት የጠቋሚ ክፍሉ ላይ ትክክለኛነትን ያሻሽላል የሚል (Enhance pointer precision) ምልክት የተደረገበት ሳጥን አለ፣ አጥፋው። እሱ ሲበራ እጅህ ሲፈጥን ጠቋሚው ከሚገባው በላይ ይሮጣል፣ ካውንተር ራሱ ይሄን ሊያልፈው ይችላል ግን ሁሉም ጌም አያልፈውም፣ እጅህ አንድ አይነት እንቅስቃሴ እንዲለምድ ከፈለግክ ቢሮም ቤትም ጠፍቶ ይኑር። ሌላው ትልቅ የጨርቅ ማውስ ፓድ ነው፣ ከዚህ ሁሉ እቃ ርካሹ ነው ግን ባዶ ጠረጴዛ ላይ ወይ መስታወት ላይ የሚጫወት ሰው ምንም ሴንሰር ቢገዛ አይጠቅመውም። አልፎ አልፎ ደሞ ማውሱን ገልብጠህ ሌንሱ ጋ ጸጉር ወይ አቧራ እንዳለ እይ፣ "ሴንሰሩ ተበላሸ" ተብለው ከመጡልኝ ውስጥ አንድ ጸጉር በወረንጦ ሳወጣ የዳኑ አሉ።

ወደ ኪቦርዱ። ተራው ኪቦርድ መምብሬን ነው የሚባለው፣ ከቁልፎቹ ስር አንድ ወጥ የላስቲክ ምንጣፍ አለ፣ ከሱ ስር ደሞ መስመር የታተመባቸው ስስ የፕላስቲክ ወረቀቶች፣ ስትጫነው ላስቲኩ ተጨፍልቆ ሁለቱ መስመር ይነካካሉ። ሜካኒካል የሚባለው እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ስፕሪንግና የራሱ ስዊች ያለው ነው። የጀርመኑ ቼሪ ኤምኤክስ ነው የታወቀው፣ የፈጠራ መብቱ 2014 አካባቢ ካለቀ በኋላ የቻይናዎቹ ጌትሮን፣ ካይል፣ አውቴሙ ያንኑ አይነት በብዛት መስራት ጀመሩ፣ ስለዚ ድሮ ከ100 ዶላር በላይ የነበረው ነገር ዛሬ በ30 እና በ40 ዶላር አለ፣ ውሸት ያልሆነ ሜካኒካል። ቼሪ ቀዩን ስዊች 100 ሚሊዮን ጊዜ ይጫናል ይላል፣ መምብሬን በተለምዶ ከ5 እስከ 10 ሚሊዮን ነው። ቀዩ ዝም ብሎ ይወርዳል፣ ቡኒው መሀል ላይ ትንሽ እንቅፋት ነገር አለው፣ ሰማያዊው ደሞ ቀጭ ቀጭ ይላል። ቤተሰብ ጋር የምትኖር ከሆነና ማታ የምትጫወት ከሆነ ሰማያዊውን አትግዛ፣ ከግድግዳ ወዲያ ይሰማል።

ይሄ ሁሉ ጌምህን ያሻሽለዋል ወይ? በጣም ትንሽ። አንድ እውነተኛ ችግር አለ፣ መምብሬን ላይ አንዳንድ ቁልፎች ሶስት ሆነው ሲጫኑ አንዱን ይውጠዋል፣ እየሮጥክ እየዘለልክ መሳሪያ ልትቀይር ስትል ሳይሰራልህ ይቀራል። ይሄን ገዝተህ ሳይሆን አሁን ያለህ ላይ መሞከር ትችላለህ፦ ሁለቱንም ሺፍት አንድ ላይ ይዘህ የእንግሊዝኛ ፊደሎቹን በተራ ጻፍ፣ የማይጻፉ ፊደሎች ካሉ ኪቦርድህ እንደዛ ነው ማለት ነው። ከዛ የምትጫወትባቸውን ቁልፎች በአንዴ ተጫናቸው፣ እነሱ ከሰሩልህ ጌሙ ላይ ችግር የለብህም።

ጌም ላይ በእውነት ልዩነት ያመጣ ኪቦርድ ካለ ማግኔቲክ የሚባለው ነው። የሆላንዱ ዉቲንግ ነው ያስለመደው። ተራው ሜካኒካል 4 ሚሊሜትር ወርዶ 2 ላይ ነው የሚሰራው፣ እሱ ቦታ ቋሚ ነው፣ ማግኔቲኩ ግን ጣትህ የት እንዳለች ሁልጊዜ ስለሚያውቅ ቁልፉን ትንሽ ከፍ ስታደርግ ወዲያው "ለቀቀ" ብሎ ይቆጥራል። ካውንተር ላይ በትክክል ለመተኮስ መጀመሪያ ቀጥ ብለህ መቆም አለብህ፣ ወደ ቀኝ እየሄድክ ከነበረ ቀኙን ለቀህ ግራውን ትነካለህ፣ ያቺ መልቀቅ ስትፈጥን ጥይቱ ቶሎ ቀጥ ይላል። የራስህ እንቅስቃሴ መጀመሪያ የሚሰላው እዛው ኮምፒውተርህ ላይ ስለሆነ ፒንግህ ከፍ ቢልም ይሰማሃል። ግን ይሄን ስትገዛ አንድ ነገር ጠንቀቅ በል፣ ሁለቱን አቅጣጫ ኪቦርዱ ራሱ እንዲያቀያይርልህ የሚያደርገው፣ ሬዘር ስናፕ ታፕ ያለው አይነት፣ የጌሙ ባለቤት ቫልቭ ነሐሴ 2024 በፈረንጆቹ ካውንተር ስትራይክ 2 ሰርቨሮቹ ላይ ከልክሎታል፣ ከጨዋታ ያስወጣሃል፣ አጥፍተኸው ነው የምትጫወተው። ለማንኛውም ይሄ ያንተ የመጀመሪያ ግዢ አይደለም፣ ማውስህ ደህና ከሆነ በኋላ የሚታሰብ ነው።

ያንተ ጉዳይ ላይ ኪቦርድን የሚያስገዛው ቀን የምትሰራው ስራ ነው። አማርኛ ስንጽፍ ስንት ቁልፍ እንደምንነካ አስበህ ታውቃለህ? "ሰላም" ሶስት ፊደል ናት፣ በድምጽ በሚጻፈው አይነት ኪቦርድ ግን አምስት ቁልፍ ነው የምትነካው፣ አንድ ገጽ ሪፖርት ላይ ይሄን አስበው፣ ተሳስተህ የምታጠፋውን ሳልጨምር። ቀኑን ሙሉ እንደዛ የሚጽፍ ሰው ጣቱ መሬት እስኪነካ መጫን የማያስፈልገው፣ ሁሌም አንድ አይነት የሚመልስ ቁልፍ ሲያገኝ ማታ ጣቱ ያርፋል። ብዙ የሚጽፉ ሰዎች ሜካኒካል ከለመዱ በኋላ ወደ ድሮው መመለስ የማይፈልጉት ለዚህ ነው። ቢሮ ሌላ ሰው አጠገብህ ካለ ቡኒው ወይም ቀዩ ይሻልሃል።

መጠኑን ስትመርጥ በፎቶ የሚያምሩት ትንንሾቹ፣ 60 ፐርሰንት የሚባሉት አያታልሉህ፣ የቀስት ቁልፍ የላቸውም፣ የቁጥር ክፍልም የላቸውም፣ ሪፖርትህ ውስጥ ሰንጠረዥ ካለ ታለቅሳለህ። ሙሉው ደሞ ለማውስህ ቦታ ይሻማል። የቁጥር ክፍሉ ብቻ የሌለው መሀለኛው ለሁለቱም ይሆናል፣ ሬድራጎን ኬ552 የሚባለው በዛ መጠን ከርካሾቹ አንዱ ነው፣ ሜካኒካል ነው። ቁጥር ብዙ የምታስገባ ከሆነ ግን ሙሉውን ውሰድ።

ሱቅ ስትሄድ "ሜካኒካል ፊሊንግ" ወይም "ሜካኒካል ስታይል" የሚል ጽሁፍ ካየህ እሱ መምብሬን ነው፣ ሜካኒካል የሆነው ዝም ብሎ ሜካኒካል ነው የሚለው። አንድ ቁልፍ ክዳኑን ወደ ላይ ሳብ አድርገህ ንቀል፣ ባለቤቱ እምቢ ካለ ነቅሎ እንዲያሳይህ ጠይቀው። ከስር ለብቻው የቆመ ሳጥን፣ መሀሉ ላይ የመደመር ምልክት የመሰለ ባለቀለም የፕላስቲክ ዘንግ፣ ጠርዙ ላይ የፋብሪካ ስም ከተጻፈበት ሜካኒካል ነው። የመደመር ምልክቱ ብቻውን አይበቃህም፣ አሁን መምብሬኖቹም ላይ አስመስለው እየሰሩት ነው፣ የተጻፈ ስምና ለብቻው የተተከለ ስዊች መኖሩን እይ። ማውሱን ደሞ ላፕቶፕህን ይዘህ ሄደህ ፔይንት ከፍተህ ቀስ ብለህ ሰያፍ መስመር አስምር፣ መስመሩ ከተንቀጠቀጠ ተወው፣ ከዛ በሀይል ወደ ጎን ወስደህ ወደነበረበት መልሰው፣ ጠቋሚው የጀመረበት አካባቢ መመለስ አለበት። የታወቀ ብራንድ ነው ብለው ከሸጡልህ የብራንዱን ሶፍትዌር ቀድመህ ላፕቶፕህ ላይ ጫነውና ሰካው፣ ኮፒ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሶፍትዌሩ አያውቀውም።

ሱቁ ሴቱን ነጥሎ የሚሸጥልህ ከሆነ ያን ኪቦርድ አንድ ቁልፍ ነቅለህ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ የማውሱን ሞዴል ከስሩ ካለው ወረቀት ላይ ጻፍልኝ፣ ላፕቶፕህ ስክሪኑ ስንት ኸርዝ እንደሆነና ማውሱን በሙሉ እጅህ ነው ወይስ በጣትህ ጫፍ የምትይዘው እሱንም ጨምርበት፣ አይቼ የትኛው እንደሚሻልህ በስም እነግርሃለሁ፣ እስከዛ ብሩን አትክፈል።